«ቅ» እንደ ቅራቅንቦ

የጥፋቱ ምንጭ ኮምቦልቻ ነው። እዚያ የሚኖር አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ባለፈው ሰሞን ልጠይቀው ወረድኩ። ቤቱ ውስጥ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ ሁለት ብርጭቆ። በቃ።

«ሁለተኛው ብርጭቆ ለምንህ ነው?» አልኩት።

«ለአንተ» አለኝ።

ፊቱ ወለል ብሏል። ዕቃ ሲቀንስ ጭንቀትም ይቀንሳል አለኝ። ከዚያ ዛሬም ድረስ ጆሮዬ ላይ የሚጮኸውን ነገር ጨመረ፤ «አንድ ዓመት ሙሉ ያልነካኸው ዕቃ ያንተ አይደለም። አውጣው!»

ይህን ይዤ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወደ ቤቴ፣ ወደ ደሴ ወጣሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ግን ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላለች። እዚያ በአንድ አንሶላ ይታደራል። ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ኩርምት ያለች፣ ጉሙ ሳያንኳኳ የሚገባባት ከተማ ናት። ልዩነቱ የገባኝ ግን ማታ ነው።

ዓርብ እናቴ እህቷን ልትጠይቅ ሐይቅ ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት ጓዳዋን ከፈትኩ።

ንጉሥ ሚካኤል ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሰው ሁሉ ግብር የሚበላበት አዳራሽ እዚሁ ደሴ አሠርተዋል፤ ስሙ አይጠየፍ ነው። የእናቴ ጓዳም እንደዚያው ነው። አፉ የተሸረፈ ጀበና አይጠየፍ፣ የዘይት ጀሪካን አይጠየፍ፣ የወንድሜን የስምንተኛ ክፍል ደብተር አይጠየፍ። ክዳን የሌለው ፔርሙዝ አለ። ፔርሙዝ የሌለው ክዳንም አለ። አይገጥሙም፤ ሞክሬያለሁ።

ከጥጉ ደግሞ አንድ ጎላ። ሕፃን ልጅ ገብቶ ይታጠብበታል። ሆዱ በጥላሸት ጠቁሯል፤ አንዱ ጆሮው በሽቦ ታስሯል። ገልበጥ ሳደርገው ቂጡ ላይ በቀይ ቀለም «ቅ» ተጽፎበታል። ደስ አለኝ። እናቴ ራሷ ቅራቅንቦ መሆኑን አምና ምልክት አድርጋበታለች ማለት ነው። እኔ በበኩሌ አንድ ዓመት ሙሉ ነክቼው አላውቅም።

መጀመሪያ የመጣው ልዋጭ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ፣ የነተበ ጋቢ፣ ሦስት ጃኬትና የአባቴን ካፖርት አገላብጦ አየ። ካፖርቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ በቀዳዳው ውስጥ አየኝ። ተከራክረን ተከራክረን አንድ ሰማያዊ ሳፋና አንድ ጆግ ሰጠኝ። አዎ፣ ዕቃ ልቀንስ ወጥቼ ሳፋ ይዤ ገባሁ። ቀጥሎ ቆራሌው መጣ። ጎላውን ጨምሮ የብረቱንም የፕላስቲኩንም ሰብስቦ 900 ብር ቆጠረልኝና ቶሎ ሄደ። አካሄዱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

ጓዳው ባዶ ሆነ። ሳስል ያስተጋባል። ለጓደኛዬ ፎቶ ላክሁለት፤ «አሁን ሰው ሆንክ» አለኝ።

ማታ ላይ ጉሙ ገባ። አልጋዬ ላይ የቀረችው አንድ አንሶላ ናት። ሰባት ሰዓት ላይ ካልሲ ደረብኩ። ስምንት ሰዓት ላይ መጋረጃውን አውርጄ ተከናነብኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳፋውን በክፉ ዓይን አየሁት፤ እሱ ግን ምንም አያለብስም። እሑድም እንደዚያው አደርኩ።

ሰኞ ንጋት ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ከላይ ሰፈር ዘጠና ያለፋቸው አንዲት እናት አርፈዋል። ነፍስ ይማር። ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ፤ ሁለት የሰፈር ልጆች ናቸው።

«የቅሬውን ጎላ ልንወስድ ነው።»

«የምኑን?»

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፤ መኪና ውስጥ ሆና ትጮኻለች። «ልጀ፣ ለቀብሩ እየመጣሁ ነው። ጎላውን አውጥተህ ስጣቸው፤ እዚያው ከጥጉ አለልህ!»

ጥጉን አየሁት። ጥጉም አየኝ። «ቅ» ማለት ቅሬ፣ የሰፈራችን ዕድር ነው። ለካ ጎላው ዓመት ሙሉ ያልተነካው ሰፈራችን ሰው ስላልሞተ ነው! ጓደኛዬ አልተሳሳተም፤ ዕቃው እውነትም የኔ አልነበረም።

ልጆቹን «አጥቤ አመጣዋለሁ» ብዬ ሸኘሁና በጓሮ በር ወጥቼ ሮጥኩ። ደግነቱ ቀኑ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ገበያ ደግሞ የማይገኝ ነገር የለም። በአህያ፣ በጆንያና በሽንኩርት መሀል እየተጋፋሁ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ደረስኩ። ጎላዬ ተደፍቶ፣ አንዲት ሴትዮ ተመቻችተው ተቀምጠውበታል። ከቀሚሳቸው ጫፍ ሥር ቀዩ «ቅ» ብቅ ብሏል።

«እማማ፣ ስንት ነው?»

«ሦስት ሺህ።»

እኔ የሸጥኩት ከነጀሪካኑ፣ ከነሬዲዮኑ በ900 ነው። ልከራከር ሞከርኩ፤ ግን ላብ ያጠመቀው ሰው ክርክር አይሆንለትም። «ቸኩለሃል ልጀ» አሉኝ፤ ፈገግ ብለው። እንባዬ ሊመጣ ሲል እውነቱን ዘረገፍኩት። የቅሬ ነው፣ ለቅሶ አለብን፣ የሸጥኩትም እኔው ነኝ።

ሴትዮዋ እንደ እሳት ብድግ አሉ። «ወይ አንተ! የቅሬ ዕቃ ይሸጣል? ቀድመህ አትናገርም?» ካሉ በኋላ የገዙበትን ብቻ፣ 700 ብር ተቀበሉኝ። በሬሳ አላተርፍም አሉ። አመስግኜ ልሸከመው ስል አስቆሙኝ።

«ክዳኑ ለብቻው ነው።»

ክዳኑን 500 ብር ገዛሁ።

ባጃጅ ውስጥ ጎላው መቀመጫው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ጭኔን ይዤ ጫፍ ላይ። ሹፌሩ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ፤ አንዱ የጎላው ነው። ለቅሶ ቤት ስደርስ እንጨቱ ተፈልጦ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ሁሉም እኔን ይጠብቃል። እናቴም ደርሳለች። ምንም አላለችኝም። ዝም ብላ ጎላውን ገልብጣ «ቅ»ን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች፤ ከዚያ እንደገና «ቅ»ን።

ወሬው እሳቱ ሳይያያዝ ሰፈሩን ዞረ። ከቀብር በኋላ ቅሬው ተሰበሰበና ተጠራሁ። ቅጣት ስጠብቅ የቅሬው ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ልጃችን አጥፍቷል። ግን ጎላውን በራሱ እግር ሮጦ መልሷል፤ ገንዘብ አናስከፍለውም» አሉ። እፎይ ልል ስል ቀጠሉ፤ «ደግሞ ጓዳውን ጠርጎ ሰፊ አድርጎታል አሉ። እኛም የቅሬውን ዕቃ ማስቀመጫ አጥተን ስንቸገር ነው የኖርነው።»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ። ከሁሉም ድምፅ የእናቴ ጎልቶ ተሰማኝ።

አሁን ጓዳችን ውስጥ ሦስት ጎላ፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር፣ ሰማንያ ሳህን፣ የድንኳን ብረትና ድንኳኑ ራሱ አሉ። ቦታ ስላልበቃ ድንኳኑ ተጣጥፎ እኔ ክፍል ገብቷል። ጓደኛዬ ትናንት ደውሎ «ቀለል ያለ ኑሮ እንዴት ነው?» ሲለኝ ድንኳኑን እስከ አንገቴ ስቤ ተኝቼ ነበር።

ትንሽ የጭስ ሽታ አለው እንጂ ይሞቃል።