ከኬሞ በኋላ የሚነሳ ፔት ስካን፦ የዕጢው መደብዘዝ መቼ ይታመናል?

ፔት ስካን ሴሎች ስኳር ምን ያህል እንደሚወስዱ የሚያሳይ የምስል ምርመራ ነው፤ ዕጢው ደምቆ የሚታየው ስኳር ስለሚሻማ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ኤፍዲጂ ግሉኮስን ይመስላል፤ ጨረር የሚያወጣ ፍሎሪን-18 ግን ተለጥፎበታል። ግሉት-1 በሚባለው በር ወደ ሴሉ ይገባል፣ ሄክሶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ፎስፌት ያክልበታል። ከዚያ ወዲያ እንደ ግሉኮስ ተሰባብሮ ኃይል አይሆንም፣ ለመውጣትም ይቸገራል፤ እዚያው ይጠራቀማል። ከ60 ደቂቃ ገደማ በኋላ የሚነሳው ይኸው ክምችት ነው።

ኬሞው ሲሠራ ሴሎች ይሞታሉ፣ በሕይወት ያሉትም በሩንና ኢንዛይሙን ይቀንሳሉ። ስለዚህ መጠንን በሚያሳየው የሲቲ ምስል ገና ያላነሰ ዕጢ በፔት ሊደበዝዝ ይችላል። ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ጣጣው ሲቸኮል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተመታው ሴል ሳይሞት ለጊዜው ይፈዝዛል፤ በምስሉ ግን የሞተ ይመስላል። ሙት ሴሎችን ሊያጸዱ የሚመጡት ማክሮፋጆችም ስኳር ይወዳሉና፣ እየሞተ ያለ ዕጢ የባሰበት ይመስላል። ከመጨረሻው ኬሞ ቢያንስ 10 ቀን፣ ቢቻል ቀጣዩ ዙር ሊሰጥ ጥቂት ቀን እስኪቀረው መጠበቅ ይሻላል። ጨረር ከተሰጠ እስከ 3 ወር ይጠበቃል። ነጭ የደም ሴል ለማሳደግ ፊልግራስቲም የተወጋ ሰው ደግሞ አከርካሪውና ዳሌው ወጥ በሆነ መልኩ ይደምቃል። ይህ የመቅኒ ሥራ እንጂ ካንሰር አጥንት ገባ ማለት አይደለም፤ የሚያጠራጥረው እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ሲሆን ነው። ቲቢም እንደ ካንሰር ያበራል፤ በእኛ አገር ይህ መዘንጋት የለበትም።

ፍሎሪን-18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 4 ሰዓት ቢጓዝ ከሩብ ያነሰ ይቀራል፤ ስለዚህ የሚቀለው ታካሚው ወደ መሣሪያው መሄዱ ነው። መንገድ ላይ የሚቀመስ ነገር የለም፦ ከኤፍዲጂው መርፌ በፊት 6 ሰዓት ውኃ ብቻ። በዋዜማው ማታ ቆጮ፣ እንጀራና ስኳር ያለው ሻይ ይቅሩ፤ የሐይቁ ዓሣ ያለ ዳቦ መልካም እራት ነው። የደም ስኳር ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ግሉኮሱ ኤፍዲጂውን በሩ ላይ ይጋፋዋል፤ ዕጢው የደበዘዘው በኬሞው ይሁን በስኳሩ መለየት ያስቸግራል። ኢንሱሊን ተወግቶ ወዲያው ምስሉን መነሳት ደግሞ ይብሳል፤ ኤፍዲጂው ወደ ጡንቻ ይሄዳል።

ሁለቱ ምስሎች የሚነጻጸሩት በአንድ መሣሪያ፣ ከኤፍዲጂው መርፌ በኋላ በእኩል የጥበቃ ጊዜ ሲነሱ ነው። ፊተኛው በ60፣ ኋለኛው በ90 ደቂቃ ከተነሳ፣ ዕጢው ሳይለወጥ የጨመረ ይመስላል። የመጀመሪያውን ምስል ሲዲ፣ የመጨረሻው ኬሞና የፊልግራስቲም መርፌ የተሰጡበትን ቀን ጽፎ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።