ሳይነኩ መርዳት

የዘጠኝ ዓመት ልጄ «ውሻ ካልገዛሽልኝ» ብላ ዓመት ሙሉ ነዘነዘችኝ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ። «እንግዲያውስ የእንስሳት መጠለያ ሄደን ባለቤት የሌላቸውን እንርዳ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ከንዝንዙ መገላገያ መስሎኝ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከበሩ አላለፍንም። ሳልደውል፣ ሳልጠይቅ ነበር ይዣት የሄድኩት። ለካ ብዙ መጠለያዎች 16 ወይም 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ብቻውን አያሠሩም። ከወላጅ ጋር የሚቀበሉትም ቢሆኑ የራሳቸው የዕድሜ ገደብና የሚፈረም ቅጽ አላቸው። እኔ ደግሞ ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ አንድ ከረጢት የውሻ ምግብ ተሸክሜያለሁ። አስተባባሪዋ ከረጢቱን አየት አደረገችና «ምግባቸው ድንገት ሲቀየር ሆዳቸው ይበላሻል። ይልቅ አሮጌ ፎጣና ብርድ ልብስ ካላችሁ አምጡልን» አለችን። ስንት ዓመት ልጥለው ስል የቆየሁት ጨርቅ ለካ ተፈላጊ ኖሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎጣ ታቅፈን፣ ቅጹን ፈርመን ገባን። ልጄ ቡችላ ልታቅፍ ቋምጣለች። የተሰጣት ሥራ ግን ፍርግርጉ አጠገብ ተቀምጦ መጽሐፍ ማንበብ ነው! ከውስጥ ያለው ሰው ሲያይ ጥግ ውስጥ የሚሸጎጥ ትልቅ ቡናማ ውሻ ነበር። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ጎንሽን ሰጥተሽ ተቀመጪ፣ ዓይኑን አፍጥጠሽ አትዪው፣ ጣትሽን በፍርግርጉ አታስገቢ። ጠጋ ካለ የተሰጠሽን ቁራሽ ወርወር አድርጊለት።

አኮረፈች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። እኔ ጎን ለጎን ስለ ውሻ የማላውቀውን እማር ነበር። ጅራቱን የሚቆላ ሁሉ ወዳጅ ይመስለኝ ነበር፤ ሰውነቱን አድርቆ ጅራቱን የሚያወዛውዝ ውሻ ግን ሊነክስም ይችላል። እንቅልፍ ሳይመጣው ሲያዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር «ተዉኝ» እያለ ነው። ልጄ እነዚህን ከእኔ ቀድማ ነው የለየቻቸው።

አትንኩ የሚሉት ደግሞ ለክፋት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ የእብድ ውሻ በሽታ አለባቸው ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ስለዚህ አንድ ነገር አስጠንቻታለሁ፦ ነከሰሽም ቧጨረሽም፣ «ይቆጡኛል» ብለሽ አትደብቂኝ። ቁስሉ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሐኪም። እጃችንን የምንታጠበው ደግሞ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለእንስሳቱም ነው። ቡችላ የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ በእጅና በጫማ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሄዳል። አሁን ቤት ውስጥ ስለ እጅ መታጠብ የምትጨቀጭቀኝ እሷ ሆናለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ውሻው ከጥጉ ወጣ። እያንዳንዱን ቁራሽ እየለቀመ፣ አፍንጫው ፍርግርጉን እስኪነካ ድረስ ቀረበ። እኔ ምን አደረግሁ? ፎቶ ላነሳ ስልኬን ይዤ ዘው አልኩ። ብልጭታው ቦግ ሲል ውሻው እየተንደረደረ ጥጉ ውስጥ ገባ፤ በዚያን ቀን ደግሞ አልወጣም። ልጄ ምንም አልተናገረችም። መጽሐፏን ዘጋችና ዝም ብላ አየችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ወሰደብን እንጂ ተመልሶ ቀረባት። ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ ቅዳሜ ስንደርስ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ጠበቀን። አሳዳጊ አግኝቷል። አስተባባሪዋ ደስ ብሏት ነገረችን፤ ልጄ ግን ቤት እስክንገባ አለቀሰች። ለዚህ አላዘጋጀኋትም ነበር። መጠለያ ማለፊያ እንጂ መኖሪያ እንዳልሆነ፣ ሥራው ሲሳካ የሚወዱት እንስሳ እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ቀን መንገር ነበረብኝ። «ጥሩ ዜና ነው እኮ!» እያልኩ ላጽናናት ብሞክርም አልሆነም። በመጨረሻ ዝም ብዬ አብሬያት ተቀመጥኩ።

አትመለስም ብዬ ነበር። በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት ግን ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። አዲስ የመጣች፣ ሣጥን ሥር የምትደበቅ አሮጊት ድመት ሰጧት። ልጄ ጎኗን ሰጥታ ተቀመጠች፤ መጽሐፏን ገለጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ «እማዬ፣ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ» አለችኝ።