ሌቭሉን በእልልታ ለኩት፦ በትንሽ መቅረጫ አዝማሪ ቤት መቅረጽ

ጎንደር አዝማሪ ቤቶች ውስጥ በርካሽ የእጅ መቅረጫ ስንሠራ እስካሁን የደረስንበትን እናካፍላችሁ። የያዝነው ዙም ኤች1ኤን እና ታስካም ዲአር-05ኤክስ ነው። ሌላ ሞዴል ያላችሁም አትለፉት፤ ቀረጻ የሚያበላሹት ነገሮች አንድ ናቸው።

ዋናው ስህተት ሌቭልን፣ ማለትም መቅረጫው ድምፅ የሚቀበልበትን መጠን፣ በመሲንቆ መለካት ነው። መሲንቆ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር፣ ከሥሯ የተወጠረ ቆዳ። አዝማሪው ሲቃኝ ሌቭሉን ከፍ አድርጋችሁ −12 ዴሲቤል ላይ ብታቆሙት ስክሪኑ ያማረ ይመስላል። ዘፈኑ ሞቅ ሲል አጠገባችሁ ያለችው እልል ትላለች፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያም ዜሮ ይነካል፤ ከዚያ በላይ መቅረጫው አይቀበልም። እዚያ ላይ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ ቢቀንሱትም እንደተሰነጠቀ ይቀራል። ስለዚህ በቅኝት ሰዓት መሲንቆው ከ−24 እስከ −20 ካሳየ ይበቃል። በ24 ቢት ጥራት የቀረጻችሁትን ኮምፒውተር ላይ ከፍ ብታደርጉት ጎልቶ የሚሰማው ሹክታ በአብዛኛው የቤቱ ነው እንጂ የመሣሪያው አይደለም። መቅረጫው ሌቭሉን ራሱ የሚቀያይርበትን አውቶ ሌቭል ደግሞ አጥፉት፤ እልልታ በመጣ ቁጥር መሲንቆውን ደፍቆት ቀስ እያለ ይመልሰዋል፣ ይህን የሚያስተካክል ፕሮግራም የለም።

ባለ 32 ቢት ፍሎት (ለስላሳውንም ጩኸቱንም ሳይቆርጥ የሚይዝ) መቅረጫ ያላችሁ የሌቭል ጭንቀት የለባችሁም። ቢሆንም የትንሽ መቅረጫ ማይክ የሚችለው 120 ዴሲቤል አካባቢ ስለሆነ ሞንታርቦ አፍ ላይ ካስቀመጣችሁት ማይኩ ራሱ ይሰነጠቃል።

ቦታ። ከአዝማሪው 1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ። ማዕዘን ውስጥ አታስገቡት፤ ከበሮው እዚያ ያብጥና ግጥሙን ይውጠዋል። ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ብርሌ በተቀመጠ ቁጥር ድም ይላል፤ ጋቢ አጥፋችሁ ከሥሩ አንጥፉ፣ ትንሽ ትራይፖድ ካለም ጋቢው ላይ አቁሙት።

አዝማሪ ቤት ከኮንሰርት የሚለየው ግማሹ ግጥም ከታዳሚው መምጣቱ ነው። አንዱ ከኋላ «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ይወረውራል፣ አዝማሪው ይቀበለዋል። የዙም ሁለት ማይኮች ወደ ፊት ስለሚያዩ የተቀባዩ ድምፅ ጥርት ይላል፣ የሰጪው ግን ይደበዝዛል። የታስካሙ ከየአቅጣጫው ስለሚሰማ ሁለቱንም ይይዛል፤ ዋጋው ጫጫታውም አብሮ መግባቱ ነው። ሰሙ ከአንዱ፣ ወርቁ ከሌላው አፍ ሲወጣ ሁለቱም መሰማት አለባቸው፤ ለአዝማሪ ቤት እኛ ታስካሙን እንመርጣለን።

ቤቱ ሚክሰር ካለው በገመድ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን ከሚክሰሩ መውጫ (ላይን) የሚመጣው ድምፅ ለትንሽ መቅረጫ የማይክ መግቢያ በጣም ይበዛል። መቅረጫው ላይ ሌቭሉን ብትቀንሱም ድምፁ የተሰነጠቀው ከዚያ በፊት ነውና ጥቅም የለውም፤ የሚቀነሰው ሚክሰሩ ላይ ነው። በዚህ መንገድ እልልታውና የታዳሚው «ተቀበል!» ጭራሽ አይገቡም፤ በማይክም ጎን ለጎን ቅረጹ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ስቴሪዮ ዋቭ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ 32 ጊጋ ካርድ 30 ሰዓት ያህል ይይዛል። ዙሙ 2 ጊጋ ሲሞላ ሁለተኛ ፋይል ይከፍታል፣ አትደንግጡ። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን መቅረጫው ላይ ፎርማት አድርጉት። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ከሆነ ሜኑ ውስጥ ዓይነቱን ንገሩት፤ አለዚያ የሚያሳየው መጠን ይዋሻል። ታስካሙ ላይ ሪከርድ አንዴ ሲጫኑት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ያ ዝግጁ ነኝ ማለት ብቻ ነው። ሁለተኛ ተጭናችሁ ሰከንዱ ሲቆጥር ካላያችሁ እየተቀረጸ አይደለም። ከዚያ ቁልፎቹ በስህተት እንዳይነኩ ሆልድ አድርጉት።

ጥር 11 ፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የምትወጡ፣ የማይክ ስፖንጅ ብቻውን ለንፋስ አይበቃም፤ ፀጉራሙን ሽፋን ደርቡበት፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን ሎው ከትም 80 ኸርዝ ላይ ክፈቱ። አዝማሪ ቤት ስትመለሱ ማጥፋት እንዳትረሱ፣ የከበሮውን ሆድ ይበላዋል።