ሽንሽኑ ለምን ቆመ? የስምንት ወር የስፌት ማስታወሻዬ

የመጀመሪያዋ ጉርድ ቀሚሴ ላይ ፎቅ ነበረ። ግራጫ ጨርቅ ላይ በነጭ የጨርቅ ቀለም መስኮት በመስኮት አድርጌ ሣልኩበት። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታ ስታዩዋት በጣም ታምር ነበር። ስለብሳት ፎቁ ጎበጠ። ስቀመጥ ጭራሽ ፈረሰ።

ስፌት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት ሕንፃ እያዩ መዞር እወድ ነበር፤ አበባ መትከልም እንዲሁ። ስለዚህ ሦስቱን አንድ ላይ ላገናኛቸው ብዬ ተነሣሁ። ሕንፃ፣ የአትክልት ስፍራና ልብስ እንዴት እርስ በርስ እንደሚዋዋሱ እያነበብኩ፣ ያነበብኩትን በጨርቅ እሞክራለሁ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከአንዱ ሥዕሉን ወስዶ ሌላው ላይ መለጠፍ! የፎቋ ጉርድ ግን አስተማረችኝ። አሁን አንድ ነገር ሳይ መልኩን ትቼ መጀመሪያ የምጠይቀው እንዴት እንደቆመ ነው። እንደኔ ጀማሪ ለሆናችሁ እስካሁን ያገኘሁትንም ያበላሸሁትንም ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቅጠሏን መገልበጥ

ዓይኔን የገለጠልኝ ጆሴፍ ፓክስተን ነው። ሰውዬው አርክቴክቸር አልተማረም፤ አትክልተኛ ነበር። እንግሊዝ አገር ቻትስዎርዝ በሚባል ትልቅ ግቢ ውስጥ አትክልቱን ይመራ ነበር። ቪክቶሪያ አማዞኒካ የምትባለው ግዙፍ የውሃ አበባ በ1849 በእሱ እጅ እዚያ አበበች። ቅጠሏ ውሃ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ትሪ ነው የሚመስለው። ፓክስተን ትንሿን ልጁን ቅጠሉ ላይ አቆማት። ቅጠሉ ቻላት።

ምሥጢሩ ከሥር ነው። ቅጠሉ ሲገለበጥ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ጨረር የሚበተኑ ወፋፍራም የጎድን አጥንቶች አሉት። በመሐላቸው ደግሞ ቀጫጭን ማያያዣዎች ይሄዳሉ። ከላይ ስስ ሆኖ የሚታየው ነገር ከሥሩ እንዲህ ተደርጎ ተሠርቷል። ፓክስተን መጀመሪያ ለአበባዋ የመስታወት ቤት ሠራላት። በ1851 ደግሞ ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ክሪስታል ፓላስን አቆመ። ከ560 ሜትር በላይ የሚረዝም የብረትና የመስታወት ሕንፃ ነበር። ሐሳቡ ከቅጠሏ እንደመጣለት ራሱ ተናግሯል። ልብ በሉ፣ ሕንፃው የውሃ አበባ አይመስልም ነበር። ማንም አይቶት «ይሄማ አበባ ነው» አይልም ነበር። የተወሰደው አሠራሩ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ «ቅጠሏን ገልብጪያት» የሚል ጽሑፍ ስፌት መኪናዬ ላይ ለጠፍኩ።

የገለበጥኩት ቀጣይ ነገር የፈረንሳዊውን የልብስ ዲዛይነር የክርስቲያን ዲዮርን ቀሚስ ነው፤ በፎቶና በጽሑፍ ማለቴ ነው እንጂ በእጄስ ከየት ይመጣል። ዲዮር ያደገው ኖርማንዲ ውስጥ ግራንቪል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ እናቱ አበባ በሚተክሉበት ግቢ ነው። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ ካቀረባቸው ልብሶች አንዱን ዘርፍ በአበባ ሰየመው፤ «ኮሮል» አለው። «ኮሮል» ማለት የአበባ ቅጠሎች ክብ ነው። ወገብ ቀጭን፣ ከሥር ቦግ ብሎ የተከፈተ ጉርድ። ብዙዎቻችን ይህን ስናይ አበባውን ብቻ እናያለን። ልብሱን ከውስጥ ያየ ግን መረብ ጨርቅ፣ ገበር፣ ወገብ አጥባቂ፣ ዳሌ ላይ የተሞላ ነገር ነው የሚያገኘው። አበባው በራሱ አልቆመም። ከውስጥ ሰው ገንብቶታል።

አንድ ወረቀት፣ ሁለት ብርጭቆ

ሦስተኛው ወር ላይ ሽንሽን ጀመርኩ። እስካሁንም ከሱ አልወጣሁም።

ይህንን ቤታችሁ ሞክሩት። ሁለት ብርጭቆ አራርቃችሁ አስቀምጡ። አንድ ወረቀት ከላይ አጋድሙባቸው። ወረቀቱ መሐሉ ይረግባል፤ የክር ጥቅልል ብታስቀምጡበት ይዞት ይወድቃል። አሁን ያንኑ ወረቀት እንደ አኮርዲዮን እጠፉትና እጥፋቱ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እንዲሄድ አድርጋችሁ መልሱት። ጥቅልሉን ይሸከማል። እኔ መቀሴን ጨመርኩበት። ቻለው። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፤ እጥፋቱ ግን ቁመት ሰጠው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የዘንባባ ቅጠል ተሸንሽኖ የሚያድገውም ያን የሚያህል ርዝመት ይዞ እንዳይረግብ ነው። እኔ ሽንሽን ለውበት ብቻ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር።

ቪትሩቪየስ የተባለው የሮማ አርክቴክት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ስለ ሕንፃ ሲጽፍ አንድ ደስ የሚል ነገር ብሏል። አዮኒክ በሚባለው የግሪክ ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱት ቦዮች የእመቤቶች ቀሚስ እጥፋት አምሳያ ናቸው ይላል። እዚያው ላይ ስለ ኮሪንቲያን ዓምድ አናትም ይተርካል። አንዲት ልጅ ሞታ መቃብሯ ላይ ዘንቢል ተቀመጠ፤ አካንተስ የሚባል ተክል በዘንቢሉ ዙሪያ አደገ፤ አንድ ቀራጺ ያንን አይቶ ድንጋይ ላይ ቀረጸው። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት ግድ የለኝም። አንድ ሰው በአንድ ቦታ ልብስንም ቅጠልንም ዓምድ ላይ አውጥቷል፤ እኔ የምፈልገውን ጨዋታ ቀድሞኝ ጨርሶታል ማለት ነው።

ወደ መርፌያችን እንመለስ። ስሌቱ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሽንሽን ከፊት 3 ሴንቲሜትር እንዲታይ ከፈለጋችሁ 9 ሴንቲሜትር ጨርቅ ይበላል። አንድ እጅ ይታያል፣ ሁለት እጅ ይደበቃል። የኔ ወገብ 72 ነው። ስለዚህ 24 ሽንሽን፣ 216 ሴንቲሜትር ጨርቅ፣ ከዚያ ላይ የስፌት ትርፍ። በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፣ አጠፍኩ፣ በስፒል ያዝኩ፣ ሰፋሁ። ስለብሳት ወገቧ አልዘጋ አለ! ወደ 5 ሴንቲሜትር ጎደለ።

ቁጭ ብዬ ለካሁ። እያንዳንዱ ሽንሽን በ2 ሚሊሜትር ብቻ ጠቧል። 2 ሚሊሜትር ምን አላት? ግን 24 ጊዜ ስትደጋገም 4.8 ሴንቲሜትር ናት። የሕንፃ ፕላን የምትሥል ጓደኛዬ አይታኝ ሳቀች።

«ቆይ፣ እያንዳንዱን ምልክት ከየት ተነሥተሽ ነው የለካሽው?»

«ከቀደመው ምልክት።»

«በቃ እሱ ነዋ! ሁሉንም ከአንድ ጫፍ ለኪ። እኛ ግድግዳ ስናወጣ ሜትሩን አንዴ ከዜሮ ዘርግተን ነው እንጂ ከአምድ አምድ እየዘለልን አይደለም።»

ልክ ነበረች። ሜትሩን አንዴ ዘርጋችሁ 3፣ 6፣ 9፣ 12 እያላችሁ እስከ መጨረሻው ምልክት አድርጉ። አንዱ ላይ ብትሳሳቱ ስህተቱ እዚያው ይቀራል፤ ወደ ቀጣዩ አይሻገርም። ከስምንት ወር ውስጥ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ምክር ይሄ ነው። ከልብስ ሰፊም አልሰማሁትም።

ሁለተኛው ችግር ጥጡ ነው። ተኩሼ እንደ ቢላ የሳልኳቸው እጥፋቶች በአንድ እጥበት ጠፉ። ኢሴይ ሚያኬ ላይ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ጃፓናዊው ዲዛይነር በ1993 በጀመረው «ፕሊትስ ፕሊዝ» ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። እንደኛ ጨርቁን ሸንሽኖ አይሰፋም ነበር። ልብሱን ከሚፈለገው መጠን ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ አስበልጦ ሰፍቶ ይጨርስ ነበር። ከዚያ በወረቀት መሐል አድርጎ በሙቀት ይሸነሽነው ነበር። ጨርቁ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ሲሞቅ ይለሰልስና ሲበርድ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። ጥጥ ይህን ጠባይ አልታደለም።

በቤት አቅም እንዲህ አደረግኩ። ሁለት ወፍራም ወረቀት አንድ ላይ ደርቤ ሸነሸንኩ። ከፈትኳቸውና ፖሊስተሩን በመሐል አስገባሁ። ሦስቱንም እንደገና አጥፌ በክር አሰርኩ። በካውያ እንፋሎት በደንብ አሞቅኩት። ቶሎ ለማየት ቸኩዬ በሙቁ ፈታሁት፤ ሽንሽኑ ለሰለሰና ተበተነ። በሁለተኛው ሙከራ ሌሊቱን ሙሉ እንደታሰረ ተውኩት። ጠዋት ስፈታው እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ተዘርግቶ ተመለሰ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ካውያው ወረቀቱን አልፎ ጨርቁን ከነካ ፖሊስተር ይቀልጣል። ካውያዬ ላይ የተጣበቀው ጥቁር ነገር እስካሁን አልለቀቀም።

ሚያኬ ከአንድ ቁራጭ ጨርቅ ልብስ የማውጣት ሐሳብ ነበረው። በ2007 ቶኪዮ ውስጥ የተከፈተውን የዲዛይን ማዕከል የሠራው አርክቴክት ታዳኦ አንዶ ያንን ሐሳብ ለጣሪያው ተዋሰው። ጣሪያው እንደታጠፈ አንድ ቁራጭ ብረት ሆኖ ወደ መሬት ይወርዳል። ልብስ ከሕንፃ የሚዋስበት ምሳሌ ሞልቷል። ሕንፃ ከልብስ ሲዋስ ማየት ግን ለኛ ለሰፊዎች ትንሽ ያኮራል።

ጥልፍ መሬት ላይ

ስለ ቀለም ባጭሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የሚተክሉትን መደብ «የጥልፍ መደብ» ብለው ነበር የሚጠሩት። ዝቅ ብሎ በተከረከመ ቁጥቋጦ ባለቀለም አፈር ላይ ሐረግ ይጠልፋሉ። ጥልፉ ጎልቶ የሚታየው ከላይኛው ፎቅ መስኮት ነው። ልብሱ፣ አትክልቱና ቤቱ እዚህ ላይ ሳይነጣጠሉ ተገናኝተዋል።

እኔን ይበልጥ የጠቀመችኝ ግን ጌርትሩድ ጄኪል ናት። እንግሊዛዊት ናት። ሥዕል ተምራለች፣ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር፤ ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ ወደ አትክልት አዘነበለች። ከአርክቴክቱ ኤድዊን ለቲየንስ ጋር ብዙ ሥራ ሠርታለች፤ የራሷንም ቤት የነደፈላት እሱ ነው። ረጅም የአበባ መደቧ ከቀዝቃዛ ቀለም ይነሣል። ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ነጭ። ወደ መሐል ሲደርስ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና ይበርዳል። አበቦቹን በካሬ አትደረድርም ነበር፤ ረዘም ባሉ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ በሚገቡ ጅረቶች ነበር የምትተክለው።

በዚህ መንገድ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሻርፕ ሠራሁ። ስኩዌር ስኩዌር አድርጌ ስገጥመው የወለል ንጣፍ መሰለ። ረጃጅም አድርጌ ቀድጄ ጫፎቹን ሳስገባቸው ቀለሞቹ መፍሰስ ጀመሩ። እስካሁን ሳላፍር ከቤት የለበስኩት ብቸኛ ሥራዬ እሱ ነው።

ግድግዳ ገበር ሲፈልግ

ስድስተኛው ወር ላይ በተቃራኒው ሞከርኩ፤ ስፌትን ወደ አትክልት መውሰድ። ፓትሪክ ብላን የሚባለው ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ አትክልት ያበቅላል። በ2006 ፓሪስ በተከፈተው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ያለው የሱ ነው። አፈር የለውም። ተክሎቹ ሥር የሚሰዱት እንደ ብርድ ልብስ ባለ ወፍራም ጨርቅ ውስጥ ነው፤ ጨርቁ እየተሰነጠቀ ኪስ ይሆናል። ኪስ! ይሄማ የኔ ሥራ ነው ብዬ ዘለልኩ።

ዘጠኝ ኪስ ሰፍቼ በረንዳ ላይ ሰቀልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የላይኞቹ ደረቁ፣ የታችኞቹ በሰበሱ፣ የግድግዳው ቀለም ተላጠ። ተመልሼ በደንብ አነበብኩ። ብላን ጨርቁን በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይለጥፍም። መጀመሪያ የብረት ፍሬም አለ፣ በላዩ ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ ከዚያ ጨርቁ። ከፍሬሙ ኋላ አየር ይመላለሳል። ውሃው ከላይ በቱቦ ይንጠባጠባል፣ ከሥር ቦይ ይቀበለዋል። እኔ ያየሁት ፊቱን ብቻ ነበር። ቅጠሏን ሳልገለብጥ ገባሁበት፤ ጽሑፉ መኪናዬ ላይ ተለጥፎ እያለ!

የሚገርመው፣ ኮት ስሰፋ ገበር ለምን ተለቅ ተደርጎ እንደሚቆረጥ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ገበር ከላይኛው ጨርቅ ጋር ከተጣበቀ ክንድ ሲንቀሳቀስ ይቀደዳል። በሁለቱ መሐል ልቅነት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው ጀርባው ላይ አንዲት እጥፋት የሚተዉለት። ማራኬሽ ያለው፣ በ2017 የተከፈተው የኢቭ ሳን ሎራን ሙዚየም ደግሞ ከውጭ ጡቡ እንደ ጨርቅ ክር ተሸምኗል፤ ውስጡ እንደ ኮት ገበር ልስልስ ነው። አርክቴክቶቹ ስቱዲዮ ኬኦ ናቸው። ፎቶውን ቁም ሳጥኔ ውስጠኛ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አሁን ያለሁበት

አሁን የጀመርኩት ክብ ጉርድ ነው። ሽንሽኑ ወገብ ላይ ጠቦ ወደ ታች ይሰፋል፤ ልክ እንደ ውሃ አበባዋ አጥንቶች ከአንድ መሐል ይበተናል። ወረቀቱን ለመሸንሸን ብቻ ሦስት ማታ ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ግን ተሳካ። አዲሱ ራስ ምታቴ ጠርዙ ነው። ክብ ሲቀደድ ጨርቁ አንዳንድ ቦታ በክሩ፣ አንዳንድ ቦታ ሰያፍ ይወድቃል። ሰያፉ በራሱ ክብደት ይለጠጥና ጠርዙ ይዘናፈላል። ስለዚህ ወገቧን ብቻ ሰፍቼ ከትናንት ጀምሮ ማንጠልጠያ ላይ ሰቅያታለሁ። ዛሬ ጠዋት ሳያት በግራ በኩል ወደ አንድ ጣት ያህል ወርዳለች። አንድ ሌሊት ልጨምርላትና ነገ ከወለሉ ጀምሬ እለካታለሁ፤ በአንድ ዜሮ።