ስምንት ሰዓት አላላችሁም እንዴ?

2012 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወረዳ ኮሙኒኬሽን ክፍል ነበር የምሠራው። የትኛው ወረዳ እንደሆነ ይቆየኝ፤ ዛሬም ቡና አብረን የምንጠጣ ሰዎች አሉበት።

መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ሥራችን ተገለባበጠ። ከዚያ በፊት የጽዳት ዘመቻና የችግኝ ተከላ ዜና ነበር የምንጽፈው። ከዚያ በኋላ ግን ከክፍለ ከተማ፣ ከጤና፣ ከሰላምና ጸጥታ የሚወርደውን መልእክት ተቀብሎ ማዳረስ ብቻ ሆነ። ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ አጥር ላይ ይለጠፋል፣ ሞንታርቦ የጫነች ፒክአፕም ሰፈር ለሰፈር እየዞረች ታስነግረዋለች።

መልእክት አላነሰንም። መልእክትማ ሞልቶ ነበር። በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ የዕለቱን ቁጥር በየቀኑ ያወጣሉ፤ ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንቱ ተያዘ፣ ስንቱ አገገመ። ሰዉም እንደ ሎተሪ ዕጣ ጠብቆ ነው የሚያየው። ወደ እኛ መስኮት የሚመጣው ሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «አከራዬ ውጣ ብሎኛል፣ ይችላል ወይ?» አይችልም። መጋቢት 30 የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። እኛ አጥር ላይ በለጠፍነው ወረቀት ላይ ግን ይህ የለም፤ እጃችሁን ታጠቡ ነው የሚለው። አንዷ ደግሞ መጥታ፣ «ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው ትላላችሁ፣ እኛ ቤት ውስጥ ስድስት ነን፣ ሁለቱን የት ልውሰዳቸው?» አለችን። ሳቅን። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ግንቦት ላይ ነገሩ ከበደ። ወሩ ሳያልቅ በአገር ደረጃ የተያዙት ከ1,000 አለፉ፤ አብዛኛዎቹም አዲስ አበባ ውስጥ ነበሩ። እኛ ወረዳ ውስጥም አንድ ሰፈር ታማሚ ተገኘ። አምቡላንስ መጣ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ ሰዎች ወረዱ፣ ሰፈሩ በወሬ ታመሰ። ቀጥታ ንክኪ ያላቸው ወደ ለይቶ ማቆያ ተወሰዱ። የቀሩት ጎረቤቶች ደግሞ ጤና ጣቢያ እየመጡ ናሙና እንዲሰጡ ተባለ፤ ናሙና የሚወስደው ቡድን ለእነሱ ብሎ መኪና ይዞ ይመጣል።

ማስታወቂያው ተዘጋጅቶ፣ ማህተም አርፎበት ከላይ ነው የመጣልን። አናቱ ላይ ሦስት አርማ ተደርድሯል። ከሥሩ ስለ ወረርሽኙ ዓለም አቀፋዊነት የሚያወራ ረጅም አንቀጽ አለ፤ ከዚያ ስለ ባለድርሻ አካላት ቅንጅት ሌላ አንቀጽ። ቀኑ፣ ቦታውና ሰዓቱ መጨረሻ ላይ፣ በትንሽ ፊደል። ሰዓት፦ 8፡00 – 11፡00። ይኼው ነው።

እንደተባልነው ለጠፍን። ቴሌግራም ላይም ተለቀቀ።

በቀኑ ጠዋት ለሪፖርት የሚሆን ፎቶ ላነሳ ካሜራ ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቡድኑ 2 ሰዓት ሳይሞላ ደርሷል። መከላከያ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ጠረጴዛ አውጥተዋል፣ ናሙና ማስቀመጫ ሳጥኑ በረዶው ተሞልቶ ተዘጋጅቷል። ሰው ግን የለም። 3 ሰዓት ሆነ፣ የለም። 4 ሰዓት ላይ የዘበኛው ልጅ ብቻ መጣ፤ እሱም ለአባቱ ቁርስ ይዞ ነው። ያንን ልብስ ለብሶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል፤ አንዱ ልጅ መነጽሩ በላብ ጭጋግ ሞልቶ አይታየውም ነበር። 5 ሰዓት አለፈ። ሌላ ወረዳ ይጠብቃቸዋል፣ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። የቡድኑ መሪ ሲወጣ፣ «ሕዝባችሁ ተደብቋል» አለኝ። በወቅቱ ነገሩ እውነት ነው የሚመስለው፤ ለይቶ ማቆያ እንዳይወሰድ የሚሸሽ ሰው ነበራ።

ምሳ በልቼ ካሜራዬን ልመልስ ወደ ቢሮ ሳልፍ የጤና ጣቢያው በር በሰው ተጥለቅልቋል።

ሰልፉ ግንቡን ይዞ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሷል። በኖራ ክብ የተሰመረው ሁለት ሜትር ርቀት የሚባለው ነገር የለም፣ ትከሻ ለትከሻ ነው። ዘበኛው «አልፏል፣ ሄደዋል» ይላል፣ ማንም አይሰማውም። አንዲት እናት በነጠላቸው አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ በሌላ እጃቸው ጃንጥላ ይዘው ከፊት ቆመዋል።

«እማማ፣ ጠዋት እኮ ነበር» አልኳቸው።

«የምን ጠዋት? ስምንት ሰዓት አላላችሁም እንዴ? ምሳ እንኳ ሳልቀምስ ነው የመጣሁት!»

ሰዓቴን አየሁ። ልክ 8 ሰዓት ከሩብ ነው። አሁን ገባኝ። ቡድኑ የላብራቶሪ ፕሮግራሙን የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ማስታወቂያውን ያዘጋጀው ሰው ፕሮግራሙን ወደ አማርኛ ሲመልስ ሁሉን መልሶ ሰዓቱን እንዳለ ተወው። ክፋቱ ደግሞ ከ8 እስከ 11 ሰዓት እኛም ጋ ትክክለኛ የሥራ ሰዓት ነው። 13፡00 ወይም 20፡00 ቢል ኖሮ ሰው ይጠራጠር ነበር። 8 ሰዓትን ግን ማን ይጠራጠራል?

በማግስቱ ግምገማ ተቀመጥን። ማስክ አድርገን፣ ወንበር አራርቀን፣ አሥራ ምናምን ሆነን። (አራት ሰው የሚለው ደንብ ግምገማን አይመለከትም መሰለኝ።) ሰብሳቢው እንደተለመደው፣ «ኅብረተሰቡ ላይ ከፍተኛ መዘናጋት ይታያል» ብለው ጀመሩ። ጠዋት ማንም አልመጣም፣ ከሰዓት ደግሞ ርቀቱን ሳይጠብቅ ተጋፍቷል፣ ስለዚህ ግንዛቤ ማስጨበጫው ይጠናከር፣ ደንብ አስከባሪም ይመደብ። እስክሪብቶ ሁሉ መጻፍ ጀመረ። እኔ እጄን አውጥቼ ተራ እየጠበቅኩ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሲስተር ቀደመችኝ። ስልኳ ላይ ማስታወቂያውን ከፍታ ሰብሳቢው ፊት አደረገችው።

«ይቅርታ፣ አንዴ ሰዓቱን ያንብቡልኝ።»

«ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።»

«ቡድኑ ስንት ሰዓት ነበር የመጣው?»

«ሁለት ሰዓት።»

«እንግዲህ» አለች ሲስተር፤ ስልኳን ኪሷ ከተተችና ተቀመጠች።

ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ ከኋላ ሳቁን መቆጣጠር አቃተውና ሁላችንም ለቀቅነው። ሰብሳቢውም ሳቁ፤ ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት ያን ቀን ጨመረ። ቀጥሎ ግን ዋናው ጉዳይ ወጣ። ወረቀቱን ከመለጠፉ በፊት ቢያንስ አምስት ሰው አይቶታል። ከአምስቱ ሁለቱ ሰዓቱ ግር ብሏቸው ነበር። ታዲያ ለምን አልጠየቁም? ማህተም አለበታ! ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ማን ይነካል? እንደ ወረደ ማስተላለፍ አያስጠይቅም፤ ማስተካከል ነው የሚያስጠይቀው። ብዙ መሥሪያ ቤት የሚሠራው በዚህ ሒሳብ ነው፣ እኛ ብቻ አይደለንም።

የተወሰነው ነገር ቀላል ነበር። ከላይ የሚመጣው እንዳለ ይቀመጥ፣ ለነዋሪው ግን እኛ አጠር ያለ የራሳችንን እናውጣ። እሱንም ከመለቀቁ በፊት ለዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ወስደን እናንብብላቸው ተባለ፤ ይህ የሲስተር ሐሳብ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ስማርት ስልክ የሌለው ብዙ ነው፣ የፒክአፗ ሞንታርቦ ደግሞ ስታልፍ ግማሹ ብቻ ነው የሚሰማው።

ጋሼን ቤታቸው ድረስ ሄደን አገኘናቸው። መጀመሪያ አልፈለጉም።

«ጡሩምባ ከነፋሁ ሰዉ ማን ሞተ ብሎ ነው የሚወጣው። በዚህ በሽታ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ ታስደነግጡታላችሁ።»

እውነታቸውን ነው። ይህን ቢሮ ሆኖ የሚያስብ ሰው የለም። ሜጋፎን እንስጥዎት አልናቸው፣ እሺ አሉ፤ ግን መጀመሪያ «ለቅሶ አይደለም!» ብለው ካልጀመሩ እንደማይሆን ነገሩን። ከዚያ ወረቀቱን አነበብኩላቸው። አሳጥሬዋለሁ ብዬ ነበር፣ ግማሽ ገጽ ነው።

«ይሄ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል?» አሉኝ።

አልወጣም። ቆረጥን። ወረርሽኙ ዓለም አቀፋዊ መሆኑ ወጣ። ቅንጅቱ ወጣ። ባለድርሻ አካላትም ወጡ። የቀረው ይህ ነው፦ ነገ ሐሙስ ጠዋት፣ ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ጤና ጣቢያ፤ መታወቂያና ማስክ ይዛችሁ፤ ናሙና ሰጥታችሁ ወደ ቤታችሁ ትመለሳላችሁ። የመጨረሻዋን ያስጨመሩን ጋሼ ናቸው። ሰዉ የሚፈራው ናሙና መስጠቱን ሳይሆን ከዚያ ቀጥታ ወደ ለይቶ ማቆያ መጫንን እንደሆነ እሳቸው ያውቁ ነበር፤ እኛ በወራት ፖስተር አንድ ጊዜ እንኳ ስለዚህ አልጻፍንም። ሲስተርም ደንገጥ ብላ፣ ውጤቱ ቫይረሱ እንዳለ ካሳየ ባለሙያ ደውሎ እንደሚወስዳቸው ይጨመር፣ አለበለዚያ ውሸት ይሆንብናል አለች። ተጨመረ። ጋሼ ቅር አላቸው፣ ትንፋሹ ረዘመባቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሰው መጣ። ሁሉም ነው አልልም፤ የማይመጣ አይመጣም። ግን ሰልፉ በኖራው ክብ ላይ ነበር፣ ቡድኑም ሳጥኑን ባዶ አልመለሰም።

ያቺ አጭር ወረቀት ለካ ለሌላም ቀን ነበረች። ሰኔ 23 ኢንተርኔት ተቋረጠና ለሳምንታት ቆየ። የኛ ቴሌግራም ቻናል ድርግም አለ። ቁጥሩ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል፤ የኛ ሰፈር ጉዳይ፣ ጤና ጣቢያው በስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ፣ ማን ጋ እንደሚደወል፣ በጋሼ ሜጋፎንና በር ላይ በሚለጠፍ ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር የሚሄደው። ወረቀቱ ላይ ቀኑን በትልቁ መጻፍ የጀመርነውም ያኔ ነው። ዝናቡ የድሮውን ሳያነሳው አዲሱ ጎን ለጎን ይለጠፋል፣ ሰው ደግሞ የቱ የዛሬ እንደሆነ በምን ይወቅ?

ሐምሌ ላይ የዓመቱ ሪፖርት ተጠረዘ። «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ሥር፣ «የኅብረተሰቡ መዘናጋት» ይላል፤ የሩብ ዓመቱ ቀድሞ ስለተላከ እንዳይጋጭ ነው ተባለ። «የተገኙ ውጤቶች» በሚለው ሥር ደግሞ ናሙና ለመስጠት የወጣው የነዋሪ ብዛት ተመስግኖ አንድ ፎቶ ተያይዟል። ሰልፉ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይታያል፣ ከፊት ጃንጥላ የያዙ እናት አሉ። እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ 8 ሰዓት ከሩብ ላይ።