ቺቱምቡካን ከሰሜን ሸዋ ሆኖ መጀመር

ቺቱምቡካ በሰሜን ማላዊ፣ በምዙዙ፣ በሩምፊና በምዚምባ፣ ድንበር ተሻግሮም በምሥራቅ ዛምቢያ በሉንዳዚ በኩል የሚነገር የባንቱ ቋንቋ ነው። ወደዚያ ለሥራ የሚሰናዳ የደብረ ብርሃን ወይም የመንዝ ሰው ቃላት ከመሸምደዱ በፊት ድምፁን ቢለማመድ ይሻለዋል። በመጀመሪያው ወር የተጣመመ አነጋገር በኋላ ለማቃናት ያስቸግራል።

አናባቢዎቹ አምስት ናቸው፤ ከፊደላችን ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ይበቃሉ። እያንዳንዱ ቃል በአናባቢ ይጨርሳል፤ መጨረሻውን መዋጥ የለም። አንድ ሐረግ ሲያልቅ ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍለ ቃል ይረዝማል፤ «ማኮራ» (ደህና) ሲባል «ኮ» ላይ ቆየት ይባላል። የእኛን ማጥበቅና ማላላት ይርሱት። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰም የሉም። በነሱ ፈንታ ትንፋሽ ያለውና የሌለው «ክ»፣ «ት»፣ «ፕ» ይለያያሉ። ጆሯችን ትንፋሽ የሌለውን «ክ» ቶሎ «ቅ» ያደርገዋልና ቀጭን ወረቀት ከከንፈር ፊት ይዞ መለማመድ ይጠቅማል፤ ወረቀቱ መንቀጥቀጥ ያለበት ትንፋሽ ባለው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በላዩ ቆብ ባለው «ደብልዩ» የሚጻፈው ለስላሳ ድምፅ ነው። እዚህ በ«በ» እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም አማርኛችን ውስጥ ተደብቋል፦ «ሌባ»ን ፈጠን ብለው ሲሉ ከንፈርዎ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ችግሩ ቃል መጀመሪያ ላይ ነው፤ እዚያ የእኛ «ብ» ገጥሞ ይፈነዳል። መፍትሔው ከፊቱ አናባቢ ማስቀደም ነው፤ «አባንቱ፣ አባንቱ» እያሉ ከቆዩ በኋላ «አ»ን ይጣሉ። «ባንቱ» (ሰዎች) በትክክል ይወጣል። ይህን ማለፍ አይቻልም፦ «ዋኩሩታ» እሱ ወይም እሷ ይሄዳል፣ «ባኩሩታ» እነሱ ይሄዳሉ ነው። ጾታ አይለይም፤ «አንተ»ም «አንቺ»ም «ኢዌ» ነው።

እዚህ ላይ ግን አንቱታ የለመደ የሸዋ ሰው ይጠቀማል። እኛ «እሳቸው ይሄዳሉ» ስንል የብዙ ቁጥርን ግስ እንደምንጠቀም፣ እነሱም ለአንድ ትልቅ ሰው «ባኩሩታ» ይላሉ። ሰውየውን ፊት ለፊት ሲያነጋግሩ ደግሞ የ«እናንተ»ን ቅርጽ «ኢምዌ፣ ሙኩሩታ» ይውሰዱ፤ ለአንቱታ የተለየ ሌላ ግስ አይፈልጉ። ጠዋት «ምዋዉካ ኡሊ?» (እንዴት አደሩ?) ቢባሉ «ታዉካ ማኮራ፣ ክዋሊ ኢምዌ?» ብለው መልሰው ይጠይቁ።

ስሞችን ነጠላቸውን ብቻ አትጻፉ። በደብተር አንድ መስመር ላይ ነጠላውን፣ ብዙውንና ቁጥሩን አብረው ያስፍሩ፦ «ቺንቱ ቺሞዛ፣ ቪንቱ ቪቢሪ» (አንድ ነገር፣ ሁለት ነገሮች)፤ «ምዋና ዩሞዛ፣ ባና ባቢሪ» (አንድ ልጅ፣ ሁለት ልጆች)። የስሙ መነሻ ቁጥሩን፣ ቅጽሉንና ግሱን ይጎትታቸዋል። «ኙምባ» (ቤት) በነጠላም በብዙም አይለወጥም፤ ልዩነቱ «ኙምባ ዪሞዛ፣ ኙምባ ዚቢሪ» ሲባል ቁጥሩ ላይ ነው የሚታየው። ቁጥሩ የሌለበት ዝርዝር ይህን ይደብቃል። በቀን ስድስት መስመር በቂ ነው፣ ጮክ ብሎ ከተነበበ።

የቃል ቅደም ተከተሉ ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው። «ንኩኩምባ ማጂ» እፈልጋለሁ ውሃ ነው፤ ግሱን እስከ መጨረሻ ይዘው ከቆዩ አድማጭ ይጠፋዋል።

መጽሐፍ ስትመርጡ ተጠንቀቁ። «የማላዊ ቋንቋ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ቺቼዋ የተባለው ሌላው የአገሪቱ ቋንቋ ነው። ምስጋናው «ዚኮሞ» ከሆነ ቺቼዋ ነው፤ በቺቱምቡካ «ዬዎ» ይባላል። በ1968 እ.ኤ.አ. የማላዊው ፕሬዚዳንት የሄስቲንግስ ባንዳ መንግሥት ቺቼዋን ብሔራዊ ቋንቋ ሲያደርግ ቺቱምቡካ ከሬዲዮ ወጥቶ ነበር፤ የተመለሰው በ1994 ነው። ዛሬ የቺቱምቡካ ዜና ስላለ፣ መጀመሪያ ትርጉሙን ሳይሹ የ«ባ»ንና የ«ዋ»ን ልዩነት ብቻ እያደኑ ያዳምጡት።