ከጋምቤላ እስከ ኦስቲን ምክር ቤት፦ በአሜሪካ ለአካባቢ ምርጫ መወዳደር ለሚያስቡ ወገኖች

የጋምቤላው ልጅ ኦባላ ኦባላ በ2020 ኖቬምበር የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሲመረጥ፣ የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ኦስቲን ስንል የቴክሳሷን አይደለም፤ ሚኒሶታ ውስጥ ያለችውን፣ በሆርሜል የሥጋ ፋብሪካ የምትታወቀውን ትንሽ ከተማ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «ዕድለኛ ነው» ይላል። ቀኑን ለቆጠረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2003 ዲሴምበር በጋምቤላ በአኙዋክ ብሔረሰብ ሰዎች ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ ተሰደደ። ኬንያ በስደተኞች ካምፕ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። በ2013 አሜሪካ ገባ፣ ኦስቲን በሚገኘው ሪቨርላንድ ኮሌጅ ተማረ፣ በተማሪዎች ማኅበር መሪነት አገለገለ። ዜግነቱን ያገኘው በ2019 ዲሴምበር ነው። ስለዚህ ዜግነቱ ሲመጣ ሌላው ሥራ አብዛኛው አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ፓስፖርቱን ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ጎረቤቱን ማወቅ ይጀምራል።

ከዜግነቱ እንጀምር፤ ስሌቱ ብዙ ሰው ያሳስታልና። በሪፊውጂነት የገባ ሰው ግሪን ካርዱ ዘግይቶ ቢደርሰውም አምስቱ ዓመት የሚቆጠርለት አሜሪካን ከረገጠበት ቀን ጀምሮ ነው። ጥገኝነት ጠይቆ የተፈቀደለት ሰው ግሪን ካርዱ ከጸደቀበት ቀን አንድ ዓመት ብቻ ወደ ኋላ ይቆጠርለታል። በዲቪ የመጣው ነዋሪ ሆኖ ከገባበት ቀን ይጀምራል። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ አምስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ መግባት ይችላል። ክፍያው በኢንተርኔት ሲሆን 710 ዶላር፣ በወረቀት ሲሆን 760 ነው፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው 380 እንዲከፍል መጠየቅ ይችላል። ከ2025 ኦክቶበር 20 ጀምሮ ያመለከተ ሰው የሚያጠናው 128 ጥያቄ ነው፤ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ 30 ወር በአካል አሜሪካ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል። እናት ታማ አገር ቤት ሄዶ በአንድ ጉዞ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ሰው ኑሮው አሜሪካ እንደነበረ በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የታክስ ወረቀትና የሥራ ደብዳቤ አይጣሉ።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚፈጸመው ግን መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ነው። ቅጹ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ነህ?» የሚል ጥያቄ አለ። ያልገባው ሰው «አዎ» ላይ ምልክት ያደርግና በመራጭነት ይመዘገባል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስባርር የሚችል ጥፋት ነው፤ «እንግሊዝኛው አልገባኝም ነበር» ቢሉ ሁልጊዜ ሰሚ አይገኝም። ያልገባውን ቅጽ ማንም አይፈርም፤ አስተርጓሚ ይጠይቅ።

የአሜሪካን ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው በኢትዮጵያ ሕግ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ብዙ መብት ይሰጣል፣ መምረጥና መመረጥን ግን አይሰጥም። ይህ ለብዙዎች ከባድ ውሳኔ ነው፣ ቤተሰብ ተቀምጦ ሊነጋገርበት የሚገባ።

ዜግነቱ እስኪደርስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ፣ በቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ፣ በኪራይ ቤት ነዋሪዎች ማኅበር ግሪን ካርድ ያለው ሰው በነፃነት ይሠራል። ብዙ ከተሞች ለሰብአዊ መብት፣ ለመናፈሻና ለቤቶች ጉዳይ የሚያማክሩ ኮሚሽኖች አሏቸው፤ ክፍያ የላቸውም፣ ማመልከቻቸውም ቀላል ነው፤ ዜግነት የማይጠይቁም አሉ። ገጠር ያደገ ሰው እዚህ ላይ ትልቅ ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው። ዕድር ሲመራ፣ ደቦ ሲጠራ፣ የድንበር ጠብ በሽማግሌ ሲታይ ያየ ሰው ሰውን ሳያቋርጥ መስማት ያውቅበታል። የከተማ ምክር ቤት ሥራ ደግሞ አብዛኛው ያው ነው፦ የበረዶ ጠረጋ፣ የውሃ ሂሳብ፣ የጎረቤት አጥር።

ያው ሰው የሚወድቅበት ቦታ ደግሞ አለ። የራሱን ኮሚዩኒቲ ዋርዱ፣ ማለትም የሚወዳደርበት የምርጫ ክልል፣ ነው ብሎ ያምናል። አዳራሹ በአበሻ ሞልቶ ሲያይ ያሸነፈ ይመስለዋል። ከዚያ አዳራሽ ግማሹ የሌላ ዋርድ ነዋሪ ነው፣ ቀሪው ገና ግሪን ካርድ ላይ ነው፣ ዜጋ የሆነውም ያልተመዘገበ ይኖርበታል። ስለዚህ ከምንም በፊት የዋርዱን የመራጮች ዝርዝር አግኝቶ፣ ባለፈው ምርጫ ያሸነፈው ሰው በስንት ድምፅ እንዳሸነፈ አይቶ፣ በዚያ ቁጥር ውስጥ የእኛ ሰው ስንት እንደሆነ በእጅ መቁጠር ነው። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ያስደነግጣል። መፍትሔው የማያውቁትን ሰው በር ማንኳኳት ነው። ጎን ለጎን በተሠሩ ቤቶች አንድ ሰው በሰዓት ከ15 እስከ 20 በር ይደርሳል፤ ግማሹ አይከፈትም። የሥጋ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ደግሞ ሺፍቱን ማወቅ ግድ ነው፤ የማታ ሠራተኛን ጠዋት በሦስት ሰዓት የቀሰቀሰ ተወዳዳሪ ያንን ድምፅ አጥቷል።

በሚኒሶታ ለአብዛኞቹ የከተማ ምክር ቤቶች ለመወዳደር መራጭ መሆን፣ ሥልጣኑን በሚረከቡበት ቀን 21 ዓመት መሙላት፣ ከምርጫው በፊት ቢያንስ 30 ቀን በዚያ ቦታ መኖር ያስፈልጋል። ኦስቲንን ለመሳሰሉ መካከለኛ ከተሞች የመመዝገቢያው ክፍያ 5 ዶላር ብቻ ነው፤ በትልልቆቹ ከዚያ ይበልጣል። ፕራይመሪ፣ ማለትም ተወዳዳሪዎችን የሚያጣራ ቅድመ ምርጫ፣ ባለበት ከተማ ምዝገባው በሜይ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ በሌለበት ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ። አንድ ቀን ያለፈው ሰው የሚለምነው የለም። ቅጹ ላይ የሚጻፈው ስም በአካባቢው የሚታወቁበት ስም ነው፤ በካምፕ ወረቀት ላይ ፊደሉ የተዛባበት ሰው ለዜግነት ሲያመለክት ስሙን ማስተካከል እንደሚችል ይወቅ፣ በኋላ ከመንከራተት ያድነዋል።

ገንዘብ ላይ ብዙ ወገን በቅንነት ይሳሳታል። አሜሪካዊ ዜጋም የግሪን ካርድ ባለቤትም ያልሆነ ሰው ለየትኛውም የአሜሪካ ምርጫ ገንዘብ መስጠት አይችልም፤ ዱባይ ያለች እኅት፣ አዲስ አበባ ያለ አጎት ሳይቀሩ። በሚኒሶታ ለከተማ ተወዳዳሪ አንድ ሰው በምርጫ ዓመት ከ600 ዶላር በላይ አይሰጥም። የተሰበሰበው ወይም የወጣው ከ750 ዶላር ሲያልፍ በ14 ቀን ውስጥ ሪፖርት ይቀርባል፤ በዓመት ከ100 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ አድራሻውና ሥራው ይጻፋል። ስለዚህ በምግብ ቤት ሳህን አዙሮ «የቻላችሁትን ጣሉ» ማለት ችግር ያመጣል፤ በር ላይ መዝገብ ይዞ የሚጽፍ ሰው ይቀመጥ፣ የባንክ ሂሳቡም ከግል ሂሳብ ይለይ። ምግብ ቤቱ በድርጅት ስም የተመዘገበ ከሆነ እንጀራውንና ጥብሱን በነፃ ሲያቀርብ የድርጅት ስጦታ ይሆናል፤ ይህ በሚኒሶታ ክልክል ነው። ባለቤቱ ከኪሱ ከፍሎ በስሙ ቢያስመዘግብ ግን ይቻላል። የኮሚዩኒቲ ማኅበሩም ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ማኅበር ከሆነ «እገሌን ምረጡ» ማለት አይችልም፤ ሁሉንም ተወዳዳሪዎች እኩል ጋብዞ ማወያየት ግን ይችላል። ፌዴራል መሥሪያ ቤት ወይም ፖስታ ቤት የሚሠራ ሰው ፓርቲ በሚሳተፍበት ምርጫ መወዳደር አይችልም፤ የከተማው ምርጫ ፓርቲ የሌለበት ከሆነ ይችላል።

በራሪ ወረቀት ቴምብር ሳይለጠፍበት የሰው ፖስታ ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ በር እጀታ ላይ ይንጠልጠል። የአፓርታማ ጥበቃ ቢከለክል፣ በሚኒሶታ ሕግ የተመዘገበ ተወዳዳሪ ወደ ሕንፃው የመግባት መብት እንዳለው መታወቂያ አሳይቶ በትሕትና ማስረዳት ነው።

በምርጫው ቀን እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው እናት የሚያግዛቸውን ሰው ራሳቸው መርጠው ይዘው መግባት ይችላሉ፤ ሰውየው አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ወኪል ካልሆነ በቀር። ያልተመዘገበ ዜጋ እዚያው በዕለቱ መመዝገብ ይችላል። ተወዳዳሪው ግን ከምርጫ ጣቢያው ሕንፃ 100 ጫማ ርቆ ይቁም፤ ደግ አስቦም ቢሆን እጃቸውን ይዞ አያስገባቸው።

ከተመረጡ በኋላ ስለሚመጣው ፈተና የሚያወራ ጥቂት ነው። የእኛ ሰው ውለታ አይረሳም፤ ደስታውንም በስጦታ ይገልጻል። በሚኒሶታ ግን በከተማው ውሳኔ የሚነካ ጥቅም ያለው ሰው ለምክር ቤት አባል ስጦታ መስጠት አይችልም፣ አባሉም መቀበል የለበትም። የሬስቶራንት ፈቃድ ማመልከቻው ምክር ቤት የደረሰ ወንድም ጋቢ ይዞ ቢመጣ፣ ጋቢው ይመለሳል። ይህን ለሽማግሌዎቹ አስቀድሞ፣ ገና በምርጫው ዘመቻ ወቅት፣ ቡና ላይ ተቀምጦ መንገር ይሻላል፤ ያን ጊዜ እንደ ንቀት አይቆጠርም።